አልጠፋም ያለው ላንድሮቨር

የወርቅውሃ በሰፈራ ከወሎ ወደ አሶሳ የመጣችው ከባሏ ጋር ነበር። ባሏን በመጀመሪያው ክረምት ወባ ወሰደባት። እሷ ግን እዚያው ቀረች። የመንደሩ ሊቀመንበር ትራክተር መንዳት የሚማር ሲጠይቅ፣ ከወንዶቹ መሃል እጇን አወጣች። ሳቁባት። ከመንዲ የመጣው ሽማግሌው መካኒክ ኤጀታ ብቻ አልሳቀም፤ «ሱሪ ፈልጊና ነይ» አላት።

ሱሪውም ተገኘ፣ ትምህርቱም ተጀመረ። ሞተር ሲነሳ ሆዴ ይስቃል ትል ነበር።

አንድ የግንቦት ቀን የጤና ጣቢያው አሮጌ ላንድሮቨር ከባምባሲ መድኃኒት ይዞ መጣ። መንደሩን ከአሶሳ ሆስፒታል የሚያገናኝ ሌላ መኪና አልነበረም። ሾፌሩ ሁንዴ በሩ ላይ አቆመና ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ሞተሩ ግን ሥራውን ቀጠለ። ያ መኪና በናፍጣ የሚሄድ ስለሆነ በቁልፍ ብቻ አይጠፋም፤ ናፍጣውን የሚቆርጥ ማጥፊያ ሽቦ አለው። ሁንዴ ሽቦውን ሳበ። ተበጥሶ እጁ ላይ ቀረ።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ነርሷ ውድነሽ ወጥታ፣ «ኧረ አጥፉልኝ! በሽተኛ አለኝ!» አለች።

ኤጀታና የወርቅውሃ ጩኸቱን ሰምተው ከትራክተሩ መጠለያ ሮጡ።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ?» አለ ኤጀታ፤ ኮፈኑን ከፍቶ የናፍጣውን ፓምፕ መዝጊያ በእጁ ገፋ። ሞተሩ አንዴ ዝቅ አለ። ወዲያው ደግሞ እንደተወጋ በሬ አጓራ! ሰማያዊ ጭስ ሰፈሩን ሞላው። ሲስቅ የነበረው ሁሉ ብትንትኑ ወጣ።

ሁንዴ ዘሎ ገባ፤ ፍሬን ረግጦ፣ ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሊያንቀው ሞከረ። መኪናው ዘለለ፣ ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ሸተተ፣ ሞተሩ ግን ወይ ፍንክች!

«ናፍጣውን ዘግቼዋለሁ!» ጮኸ ኤጀታ፣ እጁን ከመዝጊያው ሳያነሳ። «በአየር መሳቢያው የራሱን ዘይት እየጠጣ ነው! አየር ካልነሳነው ይሰባበራል!»

የወርቅውሃ አየር መሳቢያውን ልትወትፍበት ነጠላዋን ፈታች።

«ጨርቅ አይሆንም፣ ይውጠዋል! ጠፍጣፋ ብረት አምጪ!» አላት ኤጀታ።

ወደ ጤና ጣቢያው በረረች። የውድነሽን የመርፌ ትሪ አልጋው ላይ ገልብጣ ይዛ ተመለሰች። የአየር ማጣሪያውን የጎማ ቱቦ በትራክተሩ ላይ ስታጥብ ስትፈታ ስለኖረች፣ ማሰሪያውን ፈትታ ቱቦውን ለመንቀል አልተቸገረችም። ሞተሩ ሥር መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«በጎን ቁሚ! በጎን!» አለ ኤጀታ።

በጎን ቆማ ትሪውን በሁለት እጇ የአየር መሳቢያው አፍ ላይ ለጠፈችው። ሞተሩ ትሪውን ከእጇ መንጭቆ ወደ ራሱ ሳበው። አንዴ አሳለው። መኪናው ከነጎማው ተንዘፈዘፈ። ከዚያ ጸጥ።

ቀጥሎ ውድነሽ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ከየጎጆው ተቀበሏት። «ጋሪ! ጎበዝ!» እያለ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ኤጀታ የየወርቅውሃን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ትሪው ጎብጦ ስለተጣበቀ ያላቀቁት በጉጠት ነበር።

አቧራውን በዘይት የሚይዘውን የአየር ማጣሪያ ሲከፍቱት ከልኩ በላይ በዘይት ተሞልቶ አገኙት፤ ሞተሩ ሲጠጣ የነበረው ይህንኑ ነበር። አፍስሰው አጠቡት። ለማጥፊያው ነጋዴው ዓብዱልባሲጥ የብስክሌቱን የፍሬን ሽቦ ሰጣቸው፤ «ወላሂ፣ እኔ በእግሬም እደርሳለሁ» አለ እየሳቀ።

በማግስቱ ኤጀታ ቁልፉን ለየወርቅውሃ አቀበላት።

«አንቺ አስነሺው።»

«እኔ ጋሼ? መኪና እኮ ነድቼ አላውቅም!»

«መንዳቱን ሁንዴ ያሳይሻል።»

አስነሳችው። ሽቦውን ስትስበው ሞተሩ ጥፍት አለ። እንደገና አስነሳችው፤ እንደገና አጠፋችው። ሁንዴ «በቃ ባትሪዬን ጨረስሽው!» እስኪል ድረስ መሪውን ጨብጣ እየሳቀች ደጋገመችው። በዓመቱ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ሁንዴ ወደ ነቀምት ሲዛወርም የጤና ጣቢያው ሾፌር እሷ ሆነች።