ከጣት የማይወጣ ቀለበት

ጭቃ ውሃ የነካው አቡጀዲ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ የሚሸተውን ታውቂዋለሽ? ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ በጎርፍ የራሰ መጋረጃዋን አጥሩ ላይ ስታሰጣ ያ ሽታ መጣብኝና የያዝኩትን ሥራ ትቼ ቆምኩ። ጭቃ ጭቃ፣ ትንሽም ሣር ሣር ይላል። ልቤ እንደዚያን ጊዜው መምታት ጀመረ። ሽታ ሰውን ያስፈራል? እኔን ያስፈራኛል፤ ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬን የያዝኩት ከጎግ ወዲያ፣ ወርቅ ፍለጋ በገባ አንድ አነስተኛ ኩባንያ ካምፕ ውስጥ ነበር። የጋምቤላ ከተማ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ኒውላንድ ሰፈር ነው፤ አባቴ ከደጋ መጥቶ እዚያው የቀረ አስተማሪ ነበር። ስለዚህ ሙቀቱ ብርቄ አልነበረም። እናቴ ግን ልጇ ድንኳን ውስጥ እንደምታድር ስትሰማ፣ «ይኼን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ድንጋይ ለቀማ?» ብላ አዘነች። ሥራችን ሲታይ ቀላል ነው። ከየጅረቱ ደለል እንወስዳለን፣ በወንፊት እንነፋለን፣ የደቀቀውን በአቡጀዲ ከረጢት አስረን ከዛፍ ዛፍ በተወጠረ ገመድ ላይ እናሰጣለን። ሲደርቅ ወደ ላብራቶሪ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ከረጢቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ የገንዲ ዝንብ በሸሚዝ ላይ ሳይቀር ይነድፈናል፣ እኛም ቁጥር እየጻፍን እንቀመጣለን።

አለቃችን ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ገና የደረስኩ ዕለት አንገቴን አይተው፣ «ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ወርቅ ነው፣ ጋሼ።»

«ወርቅ የሚፈልግ ሰው ወርቅ አያደርግም። ትንሽ ፍቅፋቂ ናሙና ውስጥ ብትገባ ላብራቶሪው ያንቺን ሀብል አግኝቶ፣ እዚህ ጋራ ውስጥ ወርቅ አለ ይለናል።»

ሀብሌንም የጆሮ ጌጤንም ለእናቴ ላክሁ። የጆሮዬ ቀዳዳ እንዳይደፈን የመጥረጊያ ስንጥር ሰክቼበት ከረምኩ፤ ሾፌራችን ባየኝ ቁጥር «ዛሬስ ቤቱን ማን ይጥረገው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ደንቡ የማይሠራው በአለቃችን በራሳቸው ጣት ላይ ብቻ ነው። የጋብቻ ቀለበታቸው በወጣትነታቸው የገባ ነው፤ ጣታቸው ወፍሮ ውጦታል፤ በሳሙናም በቅባትም ሞክረው አልወጣም። ስለዚህ ዘወትር ማለዳ ነጭ ፕላስተር ጠቅልለውበት ነበር ወደ ሥራ የሚወጡት።

ያን በጋ ሁላችንንም ያስጨነቀን አንድ ነገር ነው፤ ወርቁ አልተገኘም። ዋናው መሥሪያ ቤት ተስፋ የሚሰጥ ውጤት እስከ ክረምት ካልመጣ ካምፑ ይዘጋል ብሎናል። እኔ ወጣት ነኝ፣ ሌላ ሥራ አላጣም ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ናሙና የሚቆፍርልን የጎግ ሰው ግን፣ አኙዋ ነው፣ በሚያገኛት ደመወዝ ሁለት ታናናሾቹን ከተማ ያስተምር ነበር። ጠዋት ጠዋት አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ድንኳኔ ደጃፍ ይቆማል።

«እህቴ፣ ውጤት ዛሬም የለም?»

«ገና ነው።»

«ወርቅ ካለ እኛ አለ። ወርቅ ከሌለ እኛም የለም» ይላል፣ እየሳቀ። ሳቁ ከቀን ወደ ቀን አጠረ።

በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ሰማዩ መጥቆር ከጀመረ በኋላ፣ አንዲት ቀጭን ጅረት ላይ ደረስን። ወንፊቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ድንገት ሚዛኑን ስቶ ዘመም ሲል አለቃችን እጃቸውን ሰደው ያዙት፤ አሸዋው እስከ አንጓቸው ዋጣቸው። ሲያወጡት ፕላስተሩ የለም። ቀለበቱ ርሶ፣ አሸዋ ተለጥፎበት፣ ፀሐይ ላይ ብልጭ አለ። እሳቸው ሰማዩን እያዩ «ቶሎ በሉ፣ ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋብን» ይሉ ነበር። እኔም ከረጢቱን አሰርኩና ቁጥሩን ጻፍኩ። የዚያን ጊዜ ነገሩ አልከነከነኝም።

ናሙናዎቹ ከተላኩ በኋላ ዝናቡ ወረደ። ወደ ከተማ የሚወስደው ጠጠር መንገድ እንደምንም ያስኬዳል፤ ወደ ጅረቶቹ የሚያስገባው ጥቁር አፈር ግን አንዴ ከራሰ እግርም ጎማም አያስገባም፤ እስከሚቀጥለው በጋ ተዘጋ፣ ናሙና ደግሞ መውሰድ አይቻልም ማለት ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ሾፌሩ ከከተማ ሲመለስ ገና ከሩቅ ክላክሱን ነፋው። ውጤቱን በስልኩ ይዞ ነበር። ሌላው ሁሉ ከምንም የማይቆጠር ሆኖ አንዱ ናሙና ብቻ በጣም ከፍ ብሏል። ቆፋሪው ሁለቱን እጆቼን ይዞ ወዘወዘኝ። «እህቴ! እኛ አለ!»

እኔ ግን የናሙናውን ቁጥር ከደብተሬ ጋር አስተያየሁት። ቀለበቱ አሸዋ ውስጥ የገባባት ያቺ ጅረት ናት።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አላውቅም። ዝም ብል ኩባንያው ባገኘው ውጤት ተማምኖ የቁፋሮ ማሽን ያመጣል፤ መሬቱ ባዶ ሆኖ ከተገኘ በዚያ ዕድሜያቸው ስማቸው የሚጠፋው አለቃችን ናቸው። ብናገር ደግሞ ካምፑ ይዘጋል፤ የቆፋሪው ታናናሾችም ከትምህርት ቤት ይወጣሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ገመዱ ላይ ከተረሱት ባዶ ከረጢቶች ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅባቸው ያ ሽታ ሲመጣ፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ አይ ነገ፣ እላለሁ።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ካርታ ሲያጣጥፉ አገኘኋቸውና ሳላስበው ከአፌ ወጣ። «ጋሼ፣ ያን ቀን ጅረቱ ላይ ፕላስተሩ ወልቆ ነበር።»

ጣታቸውን አዩ። «ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም።»

«ልክ ነሽ። አሁን እኔ እናገራለሁ።»

ቁርስ ላይ ሁላችንንም ሰብስበው ነገሩን አንድ በአንድ አስረዱ። ውጤቱ አጠራጣሪ ነው ብለው ለዋናው መሥሪያ ቤት ሊጽፉ እንደሆነ ተናገሩ። ቆፋሪው ሻዩን አስቀመጠና «እኛ የለም?» አለ።

ከዚያ ሾፌሩን ጠርተው መጋዝ እንዲያመጣ አዘዙት። «ከእንግዲህ በዚህ ጣት ናሙና አይነካም» አሉ። ሾፌሩ «ጋሼ፣ ዕቃው የሰው መታሰቢያ ነው እኮ» ቢላቸው «ቁረጥ» ብቻ አሉት። መጋዙ ሲፋጭ የሚያሰማው ድምፅ ጥርሴን አንቀጫቀጨው። ቀለበቱ ለሁለት ተከፍሎ ሲወድቅ፣ ዘመኑን ሁሉ ተሸፍኖ የኖረው ቆዳ አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

ሁለታችንም ወዲያው ገባን። ድንጋይ ላይ እንዲያ ያለ አረንጓዴ ያየ ጂኦሎጂስት መዳብ አለበት ይላል እንጂ ወርቅ አይልም። አለቃችን አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው የተቆረጠውን ፊት ረዥም ጊዜ አዩት። ያን ሁሉ ዘመን ያገኙትን ድንጋይ ሁሉ ሲሰብሩ፣ ሲፍቁ፣ ሲፈትሹ የኖሩ ሰው፣ ጣታቸው ላይ ያለውን አንድ ቀን ፈትሸውት አያውቁም። የሚስቱን ቀለበት ማን ይፈትሻል?

«ነሐስ ይመስለኛል» አሉ፤ ድምፃቸው የሥራ ድምፅ ነበር። ግማሹን ከረጢት ውስጥ ጨምረው ቁጥር ሰጡት።

«ጋሼ፣ በዓይን ይታያል እኮ» አልኳቸው፤ ላብራቶሪ የገባ ነገር ዱቄት ሆኖ እንደሚቀር ስለማውቅ።

«ናሙና ነው። በዓይን አይፈረድበትም።»

ነገሩ ግልጽ ነው። ቀለበቱ ጥቂትም ቢሆን ወርቅ ካለበት ጥርጣሬው እንዳለ ይቀራል፣ ካምፑም ይዘጋል። ምንም ከሌለበት ግን የጅረቱ ወርቅ የራሱ የጅረቱ ነው። ያን ሰሞን ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ። ወርቅ ይሁን ብል በቆፋሪውና በወንድሞቹ ላይ መጸለዬ ነው። አይሁን ብል ደግሞ በእኚህ ሰው ትዳር ላይ። እመቤቴ ማርያም ሆይ እልና እዚያ ላይ አቆማለሁ።

አንድ ከሰዓት ዝናቡ እስኪያባራ ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጠን ሳለ ራሳቸው ጀመሩት። «ስንጋባ ቤሳ አልነበረኝም። ቀለበቶቹን ይዛ የመጣችው እሷ ናት። እናቴ ከሰጠችኝ ወርቅ አሠራኋቸው አለችኝ።» ባዶ ጣታቸውን አሹት። «ኋላ ስትታመም ለሕክምናው እንሽጣቸው ብላት፣ ሞቼ እገኛለሁ አለች። የቃል ኪዳን ቀለበት ከጣት አይወጣም ብላ ተቆጣችኝ። እኔ ደግሞ፣ ይኼን ያህል ብትወደኝ ነው ብዬ…»

አንጥረኛው አታልሏት ሊሆን ይችላል ማለት ፈልጌ ነበር፤ ግን ለምን እንደተቆጣች አሁን ሁለታችንም ገብቶናል። ወርቅ አለመሆኑን ታውቅ ነበር።

«መውደድ ነው እኮ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ይሆናል» አሉ።

ሾፌሩ ውጤቱን ይዞ ሲመጣ ክላክስ አልነፋም። ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ። ወርቅ፣ ከመለኪያ በታች፣ ይላል፤ ላብራቶሪ ምንም ሲያጣ የሚጽፈው እንዲያ ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ቆፋሪው እጁን ሊያነሳ ብሎ አለቃችንን ሲያይ መልሶ አወረደው፤ ጠጋ ብሎም ትከሻቸውን ያዛቸው። «አለቃ፣ አይዞህ» አላቸው።

«የጅረቱ ውጤት ትክክል ነው ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። ልሄድ ስነሳ መልሰው ጠሩኝ። «እንኳን ነገርሽኝ። ባትነግሪኝ ደግሞ በወደድኩ ነበር።»

ዛሬም ቢሆን ከመናገር ወደኋላ አልልም፤ ሥራችን ነው። ያም ሆኖ እስካሁን ሲታወሰኝ ደረቴን ይጫነኛል።

በሚቀጥለው በጋ የቁፋሮው ማሽን ገባ። ቆፋሪው የዘበኞች አለቃ ሆነ፤ አንደኛው ወንድሙ ዘንድሮ ነርስ ሆኖ ተመርቋል። እኔም የዛሬዋን እኔን የሆንኩት በዚያች ጅረት ነው። ወርቁ እንዴት ተገኘ ሲባል ስብሰባ ላይ የሳተላይት ፎቶ ይታያል፣ ሰውም ያጨበጭባል። እኔ የማስበው አንዲት ሴት ነው፤ ድሃ ሙሽራዋ በሰው ፊት እንዳያፍር ነሐስ ገዝታ ወርቅ ነው ያለች፣ ታማም ሳለች ያንኑ ቃሏን የጠበቀች። የሁላችንንም እንጀራ የጋገረችልን እሷ ናት። አለቃችን ባለፈው ክረምት አረፉ። ለቀብራቸው ስሄድ መንገዱን ሙሉ ሚስታቸው ማን ትባል እንደነበር ለማስታወስ ሞከርኩ፤ ለካ አንድም ቀን ስሟን ጠይቄያቸው አላውቅም።