የኤዶ ደሃቦ ተረት መልስ ሲያጣ

የአክሱማዊት አያት በወታደርነት ወደ ጅጅጋ መጥተው እዚያው የቀሩ ሰው ነበሩ። እሷም እዚያው ተወልዳ አደገች። ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ስትሰናዳ አባቷ ሞተና ትምህርቱን ትታ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጠረች። አገባች፣ ወለደች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሞላት፤ የቀረባት ትምህርት ግን ከሆዷ አልወጣም። ስለዚህ በ2009 ዓ.ም. አንድ የውጭ ኮሌጅ በኢንተርኔት በነፃ እንደሚያስተምር ስትሰማ ማንንም ሳታማክር ተመዘገበች። ደንቡ ጥብቅ ነበር፤ የመጀመሪያውን ኮርስ ያለፈ እስከ ዲግሪ ይቀጥላል፣ የወደቀ ግን ዳግም አይመዘገብም። ለእሷ የደረሳት ኮርስ የዓለም አፈ ታሪክና ተረት ሆነ።

ከሥራ ስትመለስ ስልኳን ይዛ ጥግ ትቀመጣለች። የጌታሁን የሚባለው ባሏ የመኪና መለዋወጫ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ እዚያው ያገኛታል።

«ዛሬ ደግሞ የየት አገር አምላክ ተጣላ?»

«የግሪክ። ከሚስቱ ጋር።»

«እሱማ እዚህም አለ፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።»

በኮርሱ አጋማሽ ላይ ለመውደቅ ጥቂት ቀርቷት ነበር። ሁለት ገጽ ጻፉ ሲባል የመዝገብ ቤት ሰው ነችና ምንም እንዳይጎድል ብላ ስምንት ገጽ ላከች። አስተማሪዋ ዝቅተኛ ውጤት ሰጥታ «መመሪያ ይከበር» ብላ ጻፈችላት። ከዚያ ወዲህ አክሱማዊት መመሪያ የምታነበው የፍርድ ቤት ውሳኔ እንደሚያነብ ሰው ሆነ።

የመጨረሻው ሥራ ከአንድ ተራኪ አፍ ተረት ቀድቶ ከነትርጉሙ መላክ ነበር። ከመመሪያው አንዱ እንዲህ ይላል፦ ተራኪው ሲናገር ሰብሳቢው ዝም ይበል፤ ድምፁ በቅጂው ላይ አይሰማ።

ተራኪ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤቷ ደሃቦ ከሀርሺን በሙሽርነት መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ የግመል ወተት የሸጡ ሴት ናቸው። አክሱማዊት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኤዶ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ እያለች ትጠራቸዋለች። ተረት የሰማችውም ከእሳቸው ነው፤ ሶማሊኛም ያወቀችው በዚያው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደሃቦ ከገበያ ተመልሰው ባዶ ጀሪካኖቻቸውን ካጠቡ በኋላ ከግቢያቸው ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። አክሱማዊት ስልኩን መሃል ላይ አድርጋ መቅጃውን ከፈተች።

«ሼኮ ሼኮ!» አሉ ደሃቦ።

በአማርኛ «ተረት ተረት» እንደማለት ነው። «የላም በረት» ተብሎ እንደሚመለስ፣ ለዚህም «ሼኮ ሐሪር» ተብሎ ይመለሳል። አክሱማዊት መልሱን ከስሟ እኩል ታውቀዋለች። ምላሷ ላይ ደረሰ፤ ከንፈሯን ነክሳ ዋጠችው።

«ሼኮ ሼኮ!» አሉ ደሃቦ ጮክ ብለው። አልሰማችም ብለው ነው።

አክሱማዊት ዓይኗን መቅጃው ላይ ጣለች።

ሴትዮዋ ወደ ፊቷ ጠጋ ብለው አዩዋት። «ሼኮ ሼኮ አልኩሽ እኮ!»

አክሱማዊት ጨነቃት። ስልኩን ጠቆመችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ያ ሰላም! ጭራሽ ዝም በዪ ትለኛለች!» ደሃቦ ብድግ አሉ። «በምን አስቀየምኩሽ አባዮ፣ እህቴ? መልስ ለነሳኝ ሰው ተረት የምነግረው ጅብ ነኝ?» ሻሻቸውን አጥብቀው ቤት ገቡ፤ በሩም ተዘጋ።

ባሏ የጌታሁን በአጥሩ ቀዳዳ ሁሉን አይቶ ነበር። «ኤዶን አፍሽን ያዢ አልሻት?» አለ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት። «እናትሽ በሕይወት ብትኖር በጥፊ ነበር የምትልሽ።»

እሷ ግን አልሳቀችም። ሥራው የሚገባው ሰኞ ነው። መልስ ብትሰጥ መመሪያ መጣስ ነው፣ ባትሰጥ ተረት የለም። ሌላ ተራኪ ልፈልግ ብላ አሰበችና አፈረች፤ አሁን ደሃቦን አስቀይማ ሌላ ሰው ቤት ተረት ልትለምን ነው። እሑድ ጠዋት ሄዳ በሩን አንኳኳች።

«ኤዶ፣ አስተማሪዋ ናት ዝም በዪ ያለችኝ። ድምፅሽ ከተሰማ ትወድቂያለሽ ብላ።»

ደሃቦ በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱ። «እሷ አገር ተረት የሚነገረው ለግድግዳ ነው?»

«እንጃ።»

«ምስኪን!» አሉ ከልባቸው አዝነው። «በይ ተቀመጪ።»

አክሱማዊት ስልኩን ከፈተች። ይህን ጊዜ «ሼኮ ሼኮ» ሲባል የመለሰችው በሙሉ ድምፅ ነው። ተረቱ በድርቅ ጊዜ ግመሎቿን ለማጠጣት ጥላዋን ለውሃ ጉድጓድ በመያዣነት ስለሰጠች ልጅ ነው፤ ዝናብ መጥቶ ጥላዬን መልስልኝ ስትለው ጉድጓዱ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ እምቢ ይላታል። ደሃቦ በየመሃሉ ቆም ሲሉ «ሃ» ትላለች፣ ልጅቷ ስትታለል «ወይኔ!» ትላለች። ልጅቷ ጥላዋን ይዛ ስታመልጥ ሁለቱም አጨበጨቡ። ስልኩ ትዝ ያላት ተረቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ሰኞ ቅጂውን ከኢንተርኔት ቤት ስትልክ ከሥሩ አንድ አንቀጽ አከለች፦ «ድምፄ አለበት። በእኛ ከተማ አድማጭ ካልመለሰ ተራኪዋ አትጀምርም። ዝም ብዬ ሞክሬ ነበር፤ ተቀይመው ቤት ገቡ።»

መልሱ እስኪመጣ ስልኳን በየሰዓቱ ትከፍት ነበር። በመጨረሻ አንድ ረፋድ ላይ ቢሮ ሆና ስልኳ ጮኸ። አስተማሪዋ እንዲህ ጽፋ ነበር፦ «መመሪያው ተራኪውን እንዳታቋርጡ ነው እንጂ መልስ እንድትከለክሉ አልነበረም። አልፈሻል። በሚቀጥለው ኮርስ እንገናኝ።»

የፋይል ካርቶን ላይ ዘፍ አለች። ከጎኗ የሚሠራው ኸሊፍ ደንግጦ ተነሣ። «ምነው፣ መርዶ ነው?»

«አይ፣ አልፌ ነው» አለችው። ከዚያ ደሃቦ ጋ ደወለች። ከወዲያ በኩል የገበያው ጫጫታ ይሰማል።

«ኤዶ፣ አለፍኩ!»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ደሃቦ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጅቷስ? ጥላዋን ይዛ ስታመልጥ ያቺ አስተማሪሽ ደስ አላት?»