ያልተካፈልነው እድር

እኔና ባለቤቴ ፍርድ ቤት ሳንረግጥ ለመፋታት ተስማምተን፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ባለ ቢሮ ከየጠበቆቻችን ጋር አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ካልተስማማን ሁለቱም ጠበቆች ጥለውን ይሄዳሉ፤ የእንዲህ ዓይነቱ ፍቺ ደንብ እንደዚያ ነው።

ቤቱ ለእሷ፣ መኪናው ለእኔ፣ ልጆቹ ደግሞ ሳምንት ሳምንት በተራ ሆነ። ድምፁን ከፍ ያደረገ የለም። በመጨረሻ ጠበቃዬ፣ «የቀረ ነገር አለ?» አለች።

«እድር» አልን ሁለታችንም።

ምን እንደሆነ አስረዳሁ፤ አባል ሲሞት የሚቀብር ማኅበር ነው፣ የተመዘገብነውም እንደ ባልና ሚስት ነው። ጠበቆቹ ተያዩ።

«ኦኬ፣ ማን ይውጣ?» አለ የእሷ ጠበቃ።

እኔ ልውጣ ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ማንም አይወጣም» አለች፣ ረጋ ብላ። «መፋታቱን እፋታዋለሁ። ሲሞት ለቅሶ የምቀመጠው ግን እኔ ነኝ።»