የፔኒ ጀርባ

በመጀመሪያው ቀን ፈረሱ ላይ የወጣሁት ከቀኝ በኩል ነበር። አባቴ ሰላሌ ውስጥ ፈረስ ያረባ ነበር። እሱ ከቀኝ ይወጣል፣ እኛም ልጆቹ ከቀኝ እንወጣለን። ሌላ አወጣጥ መኖሩን አላውቅም ነበር። ፈረሱ ደንብሮ ወደ አጥሩ ተጠጋ። በረቱ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

«እዚህ አገር የፈረስ በሩ በግራ በኩል ነው» አለኝ ዴል። የፈረሶቹ ባለቤት ነው።

ወረድኩና በግራ ዞሬ ወጣሁ። ዴል አንድ ዙር ካስኬደኝ በኋላ አጥሩን ወደ ተደገፈችው ሴት፣ ወደ ዋንዳ፣ ዞሮ «መቀመጥ ትችላለች» አላት። በዚያው ተቀጠርኩ።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ከሱዳን ሁለት ልጆቼን ይዤ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከገባሁ ብዙ አልቆየሁም። በብርዱ ወራት ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥብ ነበር። ሰመር የሚሉት የሙቀቱ ወራት ሲመጣ ሆቴሉ ሰው ይቀንሳል፣ እኔም ከሚቀነሱት ነበርኩ። የቤት ኪራይ ግን ሰመር አያውቅም። ይህን ከፍለው ፈረስ የሚጋልቡ እንግዶችን የመምራት ሥራ ያገኙልኝ ጋሼ ታደሰ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ግሮቭፖርት አካባቢ ዕቃ በመኪና ያመላልሱ ነበር፤ በመንገዳቸው ላይ ማስታወቂያውን አይተው መጡና «አስካለ፣ ፈረስ ታውቂ የለም? ተነሽ» አሉኝ። ዛሬ መጋዘን የሞላው ያ ሁሉ ሜዳ ያኔ የበቆሎና የአኩሪ አተር እርሻ ነበር። ጠዋት ያደርሱኛል፣ ማታ ይመልሱኛል። ውለታቸውን እግዚአብሔር ይክፈላቸው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጠዋት ፈረሱን ከጋጣ ታወጣለህ፣ ትቦርሸዋለህ፣ ሰኮናውን በቆልማማ ብረት ትጠርጋለህ። ጀርባው ላይ ምንጣፉን፣ በምንጣፉ ላይ ኮርቻውን ትጭናለህ። የሆዱን ጠፍር ታጠብቃለህ። ከዚያ ትንሽ ታዘዋውረውና እንደገና ታጠብቃለህ፣ ፈረስ መጀመሪያ ሲጠበቅ ሆዱን ነፍቶ ያታልላልና። እንግዶች ሲመጡ እንደ ቁመታቸውና እንደ ክብደታቸው ፈረስ ትመርጥላቸዋለህ፣ እርካባቸውን ታስተካክላለህ፣ ልጓም አያያዝ ታሳያለህ። አንድ መሪ ከፊት፣ አንድ መሪ ከኋላ ይሆናል። መንገዱ በበቆሎው ዳር ወርዶ፣ ጅረቱን በትንሽ ድልድይ ተሻግሮ፣ በዛፎቹ መካከል ዞሮ ይመለሳል። ከእንግዳ ጋር ሶምሶማ ክልክል ነው፤ ደንገላሳና ሽምጥማ አይነሳም።

የመሪዎች አለቃ ዋንዳ ነበረች። ከኦሃዮ ወንዝ ማዶ ከተራራው አገር የመጣች፣ ትንባሆ የምታኝክ፣ ፀጉሯ የሸበተ ሴት። አዲስ መሪ ከኋላ ነው የሚሄደው፤ የሁሉንም አቧራ ይበላል። እኔ ከኋላ ስሄድ እሷ ከፊት ሳትዞር ትጮኻለች፦ «አስኪ፣ አለሽ?» ስሜን አሳጥራው ነው። «አለሁ» እላለሁ። ሌላ ብዙ አንነጋገርም፣ እሷም እንደ እኔ ወሬ አታበዛም። ቋጠሮውን፣ መንገዱን፣ የእያንዳንዱን ፈረስ ጠባይ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

እንግዶቹ አብዛኞቹ ደግ ነበሩ። ከየት እንደመጣሁ ሲሰሙ ግን ፊታቸው ይለወጣል። ያኔ የአገራችን ረሃብ በየቴሌቪዥኑ ነበር። አንድ ሰውዬ፣ ሚስቱና ልጆቹ እየሰሙ፣ «እዚያ ይህን ሁሉ ፈረስ ብታገኙ ትበሉት ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«አንበላም። እንጋልበዋለን» አልኩት። «ተረከዝዎን ዝቅ ያድርጉ።»

ሳቀ። ተረከዙን ግን ዝቅ አላደረገም። ያን ቀን እስከ ማታ ጥርሴን እንደነከስኩ ዋልኩ።

ሰመሩ ሲጋመስ ዴል ፔኒን ሰጠኝ። ፔኒ ዳማ ባዝራ ናት፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ ዓይኗ ትልቅ። በዚያ ቤት ደንብ እንግዳ ያማረረባት ፈረስ ለመሪ ትሰጣለች። እንግዳ ሲወጣባት ትወራጫለች፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትጥላለች ተባለ። «አመለኛ ናት» አለኝ ዴል። «አንቺን ግን አትጥልሽም።»

ምንጣፉን ገለጥኩ። ጫንቃዋ ላይ፣ ወደ ቀኝ ጋደል ብሎ፣ የመዳፍ ያህል ገጣባ አለ። ቁስሉ ከጨርቁ ጋር ተጣብቆ ነበር። ሳላቅቀው ቆዳዋ ተንቀጠቀጠ፣ እሷ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። አመለኛ አልነበረችም። ስታመለክት ነበር የከረመችው፣ የሚሰማት ግን አልነበረም።

ዴልን ጠርቼ አሳየሁት። ጎንበስ እንኳን አላለም። ቀድሞም ያውቅ ነበር።

«ምንጣፍ ደርቢበት» አለኝ። «ሰመሩን ትጨርሳለች።»

«ከሰመር በኋላስ?»

«ከሰመር በኋላ ያረፈች ትሆናለች።»

እኔ በአገሬ እንስሳ አይበደልም አልልም። ገጣባ አህያ በየገበያው አይቻለሁ። ሲያረጅ ለጅብ የሚተወውም አለ። አባቴ ግን ገጣባ የያዘውን ፈረስ ቁስሉ እስኪሽር ኮርቻ አያሳየውም ነበር። መንገድ ካለበት ልጓሙን ይዞ በእግሩ ይሄዳል፣ ፈረሱ ባዶ ጀርባውን ከኋላው ይከተለዋል። ሰው «ምነው ባለፈረስ በእግርህ?» ሲለው «ዛሬ ተራው የሱ ነው» ይላል። እኔ የማውቀው ይህን ነው።

እኔም በእግሬ ሄድኩ። ፔኒን ልጓም ብቻ አግብቼ፣ ከእንግዶቹ ኋላ እየሳብኩ፣ በበቆሎው ዳር፣ በድልድዩ፣ በዛፎቹ መካከል። ፈረሶቹ የሚሄዱት በዝግታ ስለሆነ እደርስባቸዋለሁ። ስመለስ ቁስሏን በጨው ውኃ አጥባለሁ። ዋንዳ አየችኝ። ከፊት ሆና «አስኪ፣ አለሽ?» ትላለች። «አለሁ» እላለሁ። የጉዞውን ፍጥነት ግን ትንሽ ቀነስ አደረገችልኝ።

በነሐሴ የፍልሰታ ጾም ገባ። ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ እኔ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። ዴል መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እንግዶች ስለ እግረኛዋ መሪ እየጠየቁት ነበርና ተናዷል።

«ፈረስ ለመጋለብ የሚመጣ ሰው በእግሩ የሚሄድ መሪ ማየት አይፈልግም» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ የሃይማኖት ነገር ነው? አለመብላትሽና አለመጋለብሽ? ከሆነ ንገሪኝ። ጾምሽ እስኪያልቅ በእግርሽ ሂጂ፣ እኔም የምላቸውን አውቃለሁ። ካልሆነ ግን ወይ ፈረሱ ላይ ትወጫለሽ፣ ወይ ወደ ቤትሽ።»

እስከ ነገ አስቢበት ብሎኝ ሄደ።

ማታ በመኪና ውስጥ ለጋሼ ታደሰ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ምን ያሳስባል?» አሉ። «አዎ በይውና ተገላገይ። የፈረንጅ አለቃ ሃይማኖት ሲባል ይፈራል።»

«አልልም ጋሼ።»

«ምነው? ጾመኛ አይደለሽ እንዴ? በምን ዋሸሽ?»

«ጾሙ ስለ ፈረስ አይደለም።»

«እመቤታችን በዚህ አትቀየምሽም።»

«እሷ ባትቀየም እኔ እቀየማለሁ።»

የመኪናውን መሪ እንደያዙ ሳቁ። «ሰላሌ!» አሉ። «ሰላሌና ፈረስ! ልጆችሽንስ ፔኒ ልታበላልሽ ነው?»

ይህኛው ወጋኝ። ቤት ስገባ ልጄ ሄለን ምን ሆነሽ አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። ደክሞኝ ነው አልኳት። ዳዊቴን ደግሜ ተኛሁ።

በዴል ጥያቄ ያን ያህል ያናደደኝ ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ሲነጋ ነው። አዎ ብል ፔኒ ታርፋለች፣ እኔም እንጀራዬን አላጣም። ነገር ግን በዚያች ባዝራ ላይ የተሠራው ግፍ የእኔ እንግዳ ልማድ ሆኖ ይቀራል። ዴል ታጋሽ አለቃ ይሆናል፣ ሃይማኖቴን ያከበረልኝ። ቁስሉ ደግሞ ከምንጣፉ ሥር እንደተሸፈነ ይቆያል። ጾሜን መሸፈኛ ሊያደርገው ነበር።

ቅዳሜ ነበር፣ ግቢው በመኪና ሞልቷል። አንድ ትልቅ ቤተሰብ ሚነርቫ ፓርክ ከሚባለው ሰፈር መጥቶ ነበር፤ አያት፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች። ሁሉንም በየፈረሳቸው አስቀመጥን። እኔ ፔኒን ይዤ ከኋላ በእግሬ ቆምኩ። ዴል ቀድሞኝ ተናገረ፣ ፈገግ ብሎ፦

«በእግሯ መሄዷ አይግረማችሁ። ሃይማኖቷ ነው። እኛ እዚህ ሁሉንም እናከብራለን።»

አያትየው በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ያ ንቅናቄ ነው ያላስቻለኝ።

«ሃይማኖቴ አይደለም» አልኩ። «ጀርባዋ ቆስሎ ነው።»

ዝንብ እንዳያርፍባት ያለበስኳትን ጨርቅ ገለጥኩት።

ከልጆቹ አንዷ «የእኔስ ፈረስ?» አለች። አያትየው ቀስ ብለው ወረዱ፣ የራሳቸውን ፈረስ ምንጣፍ ጫፍ አነሱና አዩ። የእሳቸው ደህና ነበር። አባትየውም ወረደና የልጁን አየ። ሁሉም እየወረዱ ማየት ጀመሩ።

ዴል ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። «አበቃ» አለኝ። «ፈረሷን ለዋንዳ ስጪና ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ልጓሙን ለዋንዳ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም። ትንባሆዋን ተፋች፣ ከራሷ ፈረስ ወረደች፣ የሱን ልጓም ይዛ አጠገቤ ቆመች።

«እንግዲያው እኔም በእግሬ ነኝ» አለችው።

ዴል እሷን አየ፣ ቤተሰቡን አየ፣ በበሩ የሚገቡትን መኪኖች አየ። ያለ ዋንዳ ያን ቅዳሜ አንድ ፈረስ ከግቢው አይወጣም። «ባዝራዋን ወደ ኋላው መስክ አውጧት» አለ በመጨረሻ፤ ለማን እንደተናገረ አልታወቀም።

ያወጣኋት እኔ ነኝ። ስለቃት ወዲያው ሳር ላይ ተንከባለለች፣ ከዚያ ተነስታ አካሏን አራገፈችና መጋጥ ጀመረች።

ሰው ይህን ታሪክ እስከዚህ ሲሰማ ደስ ይለዋል። እኔን ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ዴል አላባረረኝም፣ እንግዳ ፊት ግን አላወጣኝም። እስከ ሰመሩ መጨረሻ ፋንድያ ስዝቅና ድርቆሽ ሳወርድ ዋልኩ። ሥራው አላሳፈረኝም፤ ፋንድያ የትም ፋንድያ ነው። ነገር ግን ዴል አንድ ቀን እንኳን ወደ ፔኒ መስክ ሄዶ ቁስሏን አላየም። በበሩ ላይ ፈረሶቻችን እንደ ቤተሰባችን ናቸው የሚል ጽሑፍ ሰቀለ። ጋሼ ታደሰ ማታ ሊወስዱኝ ሲመጡ ያነቡታል። «ቤተሰቡን እግዚአብሔር ይጠብቃቸው» ይላሉ።

በሚቀጥለው ሰመር ተመለስኩ። ዋንዳ አስኪ ካልመጣች አልሠራም ብላው ነበር፤ ይህን የነገረችኝ እሷ ሳትሆን ሌላ መሪ ነው። ፔኒ ድና ነበር። ጠጉር በቅሎባታል፣ ገጣባው በነበረበት ቦታ ግን የበቀለው ነጭ ነው። ዋንዳ ኮርቻውን ጭና አቀረበችልኝ። በዚያ ጠዋት እንግዳ አልነበረም። ዞሬ ከቀኝ ወጣሁ። ፔኒ ጆሮዋን አቁማ ጸጥ አለች።

«በሩ በዚያ አይደለም» አለች ዋንዳ።

«የዚችኛዋ በዚህ ነው» አልኳት። ስትስቅ ያኔ ነው ያየኋት።

ኮርቻዋ ወርዶ ሲያዩት እንግዶች ያን ነጭ ምልክት ይወዱት ነበር። ዴልን ሲጠይቁት «ከተወለደች ጀምሮ ነው፣ እንደ ኮከብ» ይላቸዋል። እኔ ባልዲዬን ይዤ ሳልፍ እቆምና «ገጣባ ነበር» እላለሁ። ሦስት ሰመር ሠራሁ፤ በሰማሁት ቁጥር ይህንኑ ተናገርኩ። እሱ የሚለውን አልተወም፣ እኔም አልተውኩም።

ለሥራውም፣ ለዋንዳም፣ ለጋሼ ታደሰም አመሰግናለሁ። ልጆቼ በዚያ ሥራ አልተራቡም።

ይህን ሥራ ለመሥራት የምታስቡ ልጆች፦ ኮርቻ ከመጫናችሁ በፊት ምንጣፉን ገልጣችሁ ጀርባውን እዩ። ቁስል ካያችሁ ቁስል ነው በሉ፤ ሌላ ስም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ።