ዘርፉ የተሳለችው መጋረጃ

ግንቦት አሥር ቀን 1976 ዓ.ም. ነበር፤ ዓርብ ዕለት። ዘርፉ የምትለው እንዲህ ነው። ዓርብነቱን የምታስታውሰው ጾም ላይ ስለነበረች ነው፤ ከማለዳ ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም፣ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቆ ነበር። ነገር ግን የዚያን ዓመት ግንቦት አሥር በዓለ ሃምሳ ውስጥ ነው የሚውለው፤ በበዓለ ሃምሳ ደግሞ ዓርብም ቢሆን አይጾምም። እንግዲህ ወይ ወሩ ግንቦት አልነበረም፣ ወይ ጾም አልነበረም፣ በጭንቀት ሳትበላ የዋለችውን ቀን ጾም አድርጋ ይዛዋለች። አንዳንዴ ራሷም ትጠራጠርና፣ «ሰኔ ይሆን እንዴ? ለአሥረኛው የአብዮት በዓል የቀበሌውን አጥር ቀለም ሲቀቡት አይቻለሁ» ትላለች። ቀኑ ቢጠፋባትም በዚያ ቀን የሆነው አልጠፋባትም። የጠፋባት የነገሩ ፍቺ ነው።

ዘርፉ ናዝሬት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በአንድ የቀበሌ ግቢ የምትኖር ልብስ ሰፊ ነበረች። ባሏ ገብረወልድ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ለሥራ ወደ መተሐራ ወርዶ ወባ ይዞት መጣና በሳምንቱ አረፈ። የቀሯት የእግር ስፌት መኪናዋና አንድ ልጇ አብተው ብቻ ነበሩ። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ የተቀደደ ትጠቅማለች፤ የናዝሬት ነፋስ ሲነሳ አቧራው የሰፋችውን እንዳያበላሽባት በሯን ዘግታ በጭላንጭል ትሠራለች።

በአንድ ግድግዳ የምትዋሰናት ጉዲቱ ናት። ጉዲቱ ከወለንጪቲ በኩል የመጣች፣ ቅቤ እየቸረቸረች የምትኖር ሴት ነበረች። ባሏ መቂ ላይ ሌላ ጎጆ ቀልሶ ከቀረ ቆይቷል፤ እሷም አንድ ልጇን ፈይሳን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ጉዲቱ ጴንጤ ነበረች። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ ሁለት ሦስት እየሆኑ በየቤቱ ይጸልያሉ፤ መዝሙሩን እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚዘምሩት።

ሁለቱ ሴቶች በሃይማኖት ነገር መነካከስ ይወዱ ነበር። ዘርፉ፣ «እናንተ ያለ ቄስ ያለ ታቦት እግዜርን እንደ ጎረቤት በአጥር ትጠሩታላችሁ» ስትላት፣ ጉዲቱ፣ «ጎረቤት አይደለም እንዴ? አንቺ ለገብርኤል ነግረሽ፣ ገብርኤል ሄዶ ለሱ ነግሮ እስኪመለስ ወጡ ይቀዘቅዛል» ትላታለች። ከዚያ ይሳሳቁና አንዷ ከአንዷ ጨው ተበድራ ትገባለች።

በዚያ ሰሞን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ወጣቶች ስም በሩ ላይ ለጠፈ። አሥራ ሁለት ስም ነበር፤ ሰባተኛው አብተው ገብረወልድ ይላል። ፈይሳ ገና ተማሪ ስለነበር ስሙ የለም። ዘርፉ ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ አስነበበችና ቀጥታ ወደ ገብርኤል ሄደች። ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ግንባሯን አስደግፋ እንዲህ ስትል ተሳለች፦ «ገብርኤል፣ እኔ ልደብቀው አልችልም፣ አንተ ሰውርልኝ። ከተረፈልኝ በሐምሌ በዓልህ ለመቅደስህ መጋረጃ በእጄ ሰፍቼ፣ በሰው ፊት ተናግሬ፣ እልል ብዬ አስገባለሁ።»

አብተው ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ ልጅ ስለነበር፣ ከመቂ ቲማቲም ከሚያመጣ የጭነት መኪና ጋር እየሄደ ይጭናል፣ ያራግፋል። በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ሊሄድ ሲል እናቱ ከለከለችው። ሐሙስ ማታ እመለሳለሁ፣ ዓርብ ጠዋት ቀበሌ እቀርባለሁ አላት፤ ብጠፋ የሚያስሩት አንቺን ነው ብሎም አሳቀቃት። ልጁ የመጥፋት ሐሳብ አልነበረውም። ሐሙስ ማታ ግን አልመጣም።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ አንዱ ልጆች የየራሳቸውን ጥቅል ይዘው ቀበሌው ግቢ ውስጥ ተሰለፉ። ዘርፉን አስጠሩና አግዳሚው ላይ አስቀመጧት። ሊቀመንበሩ የጎደለ ቁጥር ይዞ አውራጃ ፊት መቆም እንደማይችል ነገራት፤ እስከ ስድስት ሰዓት ልጇ ካልመጣ ወደ ማረፊያ ቤት እንደምትሄድም ጨመረላት። እሷ በልቧ፣ ሰወርከው ወይስ አጠፋኸው፣ እያለች ገብርኤልን ትጠይቃለች።

በዚህ መሐል ፈይሳ የሱቅ ደብተር ይዞ ገባ። እናቱ ለሳሙና ልካው ነው፤ የኅብረት ሱቁ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ዘርፉን ሲያያት ጎንበስ ብሎ ሰላም አላትና ምን ሆና እንደተቀመጠች ጠየቃት። ሊቀመንበሩ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ተመለከተው።

«ሴትዮ፣ ይሄ የጉዲቱ ልጅ አይደለም?»

«ነው።»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ከአብተው በአንድ ዓመት ነው የሚያንሰው። አሥራ ስምንት ሞልቶታል» አለች።

እንዲህ ነው ያለችው። ማንም እንደሚመልሰው፣ የጎረቤት ልጅ ዕድሜ ሲጠየቅ እንደሚባለው መለሰች። ምን እንዳለች የገባት ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ፈይሳን በግራና በቀኝ ይዘው ከሰልፉ መጨረሻ ሲያቆሙት ነው። ሊቀመንበሩ ጣቱን እየቀሰረ ቆጠረ፤ አሥራ ሁለት ሞላ። ለዘርፉ፣ ሂጂ ወደ ቤትሽ አላት። ፈይሳ የሱቅ ደብተሩን አቀበላትና ለእናቴ ስጪልኝ አላት።

አብተው እሑድ ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሶ መጣ። የመኪናው ካምቢዮ መንገድ ላይ ተሰብሮ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቲማቲሙም እነሱም ሲበስሉ ከረሙ። ሰኞ ቀበሌ ቀረበ፤ ቁጥሩ ሞልቷል፣ ለሚቀጥለው ዙር ተብሎ ተመለሰ። ወር ሳይሞላው ስኳር ፋብሪካ ተቀጠረ፣ ፋብሪካውም ለምርት ያስፈልገኛል ብሎ ደብዳቤ ጻፈለት። ልመናዋ ሙሉ በሙሉ ደረሰላት። ልጇን ሰውር ብላ ነበር፤ ተሰወረ።

ግን የሰወረው ማን ነው? ካምቢዮውን የሰበረ ገብርኤል ከሆነ፣ ፈይሳን በዚያ ሰዓት ለሳሙና ያስላከውስ? ወይስ ካምቢዮው ዝም ብሎ አርጅቶ ተሰብሮ፣ ልጇን ያተረፈላት የገዛ አፏ ነው? ዘርፉ መጋረጃውን እየሰፋች ይህንን ታወጣለች፣ ታወርዳለች። ቀዩን ጨርቅ ከወርቃማው ጠርዝ ጋር ስታገጣጥም የመኪናዋ ድምፅ ግድግዳውን አልፎ የሚሰማ እየመሰላት እግሯን ታቆማለች። ስታቆም ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ጸሎት ይሰማታል። የጉዲቱ ወዳጆች እየመጡ ስለ ፈይሳ ይጸልዩ ነበር። አንዷ ሴት፣ በራእይ በር ላይ ቆሞ አየሁት፣ ይመለሳል ስትል ዘርፉ በጆሮዋ ሰማች፤ ጉዲቱም አሜን ስትል ሰማች። ከፈይሳ የመጣው ግን አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፣ ከአሥመራ። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም።

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ መጋረጃውን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ገብርኤል ይዛው ሄደች። ስለት የሚያስገቡ ሴቶች ተሰልፈዋል። ተራው የደረሰ ሁሉ ምን እንደተደረገለት ይናገራል፤ አንዷ አሥር ዓመት ሙሉ መኻን ነበርኩ አለች፣ አንዷ ዓይኔ በራልኝ አለች፣ ሕዝቡም እልል ይላል። ዘርፉ ከፊቷ ሁለት ሰው ሲቀራት የምትለውን በልቧ ሞከረችው። ልጄ ከውትድርና ስለቀረልኝ ብትል ከሕዝቡ መሐል የሚሰማት ካድሬ አይጠፋም። ልጄን ስለማረልኝ ብትል የግቢው ሴቶች እዚያው አሉ፤ በማን ልጅ እንደተማረ ያውቃሉ። እልል የሚሉላት በማን ላይ ነው? አንድ ሰው ሲቀራት ከሰልፉ ወጣች። መጋረጃውን ቤቷ መልሳ ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ጥቅምት ላይ አብተው ወባ ያዘው። ዘርፉ ገብረወልድን የወሰደው በሽታ ሲመጣባት ቃሏን ማጠፏን አሰበች። ገብርኤል የሰጠውን ሊወስድ መጣ አለች። ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ኃይለየሱስ ሄዳ ስለቱንም፣ የፈይሳን ዕድሜ የተናገረችበትንም አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው።

«የተሳሉትን ማስቀረት ጥሩ አይደለም፣ ልጄ» አሏት። «አስገቢው።»

«አባቴ፣ እኔ እኮ እንዲህ አድርጎ ይስጠኝ አላልኩም።»

«ገብርኤል አንዱን ልጅ በአንዱ አይለውጥም።»

«ታዲያ ማን ለወጠው፣ አባቴ?»

አባ ኃይለየሱስ መቋሚያቸውን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።  ብቻ መጋረጃውን ከማስገባቷ በፊት ለጉዲቱ ሁሉንም እንድትነግራት አዘዟት።

አብተው በአራተኛው ቀን ተነሳ። ክኒኑን ጨርሶ ሥራው ገባ። መጋረጃው ግን አሁንም ሳጥን ውስጥ ነው። ዘርፉ ይህኛው ደግሞ የባሰ ግራ ገባት፤ በሽታው ስለ ስለቱ የመጣ ከሆነ ስለቱ ሳይገባ ለምን ሄደ? ትዕግሥት ነው? ወይስ ከመጀመሪያውም የመጣ የሄደ ነገር የለም? ለጉዲቱ ልትነግራት ሦስት ጊዜ በሯ ድረስ ሄዳ ሦስቱንም ጊዜ ወንፊት አውሺኝ ብላ ተመለሰች።

ኅዳር መጨረሻ ላይ የጉዲቱ ወንድም ቡዜ ከወለንጪቲ መጣ። እህቴ ብቻዋን ግድግዳ እያየች አትኖርም፣ እወስዳታለሁ ብሎ ጋሪ በር ላይ አቆመ። ዘርፉ የጋሪውን ደወል ስትሰማ መቀሷን ጥላ ወጣች። ጉዲቱ ፍራሽዋን በገመድ እያሰረች ነበር። ዘርፉ አልተቀመጠችም፤ እንደቆመች ስለቱን፣ አግዳሚውን፣ ከአፏ የወጣውን፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ነገረቻት። ጉዲቱ ገመዱን መሳብ አላቋረጠችም።

«ስድስት ወር ሙሉ ቧንቧ ላይ ስታዪኝ ባልዲሽን ሳትሞዪ የምትሮጪው ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

«ዕድሜውንማ ቢጠይቁት ራሱ ይነግራቸው ነበር። መዋሸት አያውቅም። ያላስተማርኩት እኔ ነኝ።»

«መጋረጃውን ላስገባው?»

«እሱን ገብርኤልሽን ጠይቂው» አለችና ፈገግ ልትል ነበር፣ አልሆነላትም። ፍራሹን ለቡዜ አቀበለችው። ቡዜ ይዞት ሲወጣ ወደ ዘርፉ ዞረች።

«እኔም ጾሜ ነበር። ያን ሳምንት ሦስት ቀን ውኃ ብቻ እየጠጣሁ። ለአብተው።»

ጉዲቱ የተረፈውን ገመድ ጠቀለለች።

«ፈይሳ ስሙ የለም ብዬ ስለሱ አንዴም አልጸለይኩም። የዘርፉን ልጅ አትርፍላት ነው ያልኩት። በሦስተኛው ቀን ልቤ ዕርፍ አለ፤ ተሰማልኝ አልኩ። ዋቃ ጌታዬ እንደዚያን ቀን ቀርቦኝ አያውቅም።»

ይህን ስትል ወቀሳም ማጽናናትም በድምፅዋ አልነበረም። ደስ ብሏት ነበር ልጇን የላከችው፤ ልቧ ዕርፍ ብሎላት፣ ተነስታ ፈይሳን ሳሙና አምጣ ያለችው በዚያው ጠዋት ነው። ዘርፉ የሰማችውን በራሷ ውስጥ ቦታ ልታሲዘው ሞከረች። የተሰማው የማን ልመና ነው? የሷ ከሆነ ጉዲቱ ለምን ዕርፍ አላት? የጉዲቱ ከሆነ እሷ በገብርኤል ፊት የምትቆመው ምን ብላ ነው? ከዚህ ሁሉ ሥር ግን አንድ ሌላ ጥያቄ ነበር፤ እሱ ወደ አፏ እየመጣ፣ እየመጣ ተመለሰባት። ጉዲቱ ምን እንደሚመጣ ብታውቅ ኖሮ ያን ጾም ትጾመው ነበር? ለመጠየቅ የሚያስፈራ፣ ሳይጠይቁት ደግሞ የማይኖሩበት ጥያቄ ነው።

ጉዲቱ ሦስት ጊዜ ሳመቻት። ጉንጯ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ቡዜ አውቶቡሱ ያመልጠናል እያለ ከውጭ ይጣራል። ጉዲቱ በሩን ሳትዘጋ ወጣችና ጋሪው ላይ ወጥታ ፍራሹን ተደግፋ ተቀመጠች።

«ነጋቲ፣ ደኅና ሁኚ ዘርፉ። አብተውን ሳሚልኝ።»

ዘርፉ የግቢውን በር ይዛ፣ «ጉዲቱ፣ ብታውቂ ኖሮ...» ብላ ጀመረች። ጋሪ ነጂው ጅራፉን አነሳ፤ አቧራው ተነሳና ጋሪው ወደ መናኸሪያው መንገድ ታጠፈ።