ሽኩር ከመቶ ስንት ጠራ

ባለፈው ክረምት ወደ አኼራ የሄደው ባለቤቴ ሽኩር አጥንቱ በትንሽ ነገር የሚሰበር ሰው ነበር። በዘር የሚመጣ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው በሽታ ነው። ሥራው ደግሞ በርበሬ በረንዳ አጠገብ ባለችው ሱቃችን ብርጭቆና ሲኒ መሸጥ። ጎረቤታችን በርበሬ ነጋዴው ቦጋለ «ተሰባሪ ዕቃ» የሚል ጽሑፍ ከካርቶን ቀድዶ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ጀርባ ለጠፈበት። ሽኩር አላነሳውም። «ኩሊዎቹ መንገድ ይለቁልኛል» አለ።

አንድ ቀን ፀደንያ የምትባል ነርስ ከሆስፒታል መጣች። አጥንት የሚያጠነክር መርፌ ሊገባ ነው፤ ለሁሉም ስለማይደርስ ሕመሙ ኑሮውን ይበልጥ ያከበደበት ሰው ይቀድማል፤ እሷም ያንን ልትለካ ነው። ልጃችን ማሂራ ገና ዳዴ ማለት መጀመሯ ነበር። ሽኩር ክንዱ እንዳይሰበር ፈርቶ አንድም ቀን አንስቷት አያውቅም። መርፌውን የፈለገው ለዚህ ብቻ ነበር።

«ጋሽ ሽኩር፣ ዜሮ በጣም መጥፎ፣ መቶ በጣም ጥሩ ቢሆን፣ ኑሮዎ ከመቶ ስንት ነው?»

«አንቺ ስንት ትያለሽ?»

«እኔ መናገር አይፈቀድልኝም።»

«እሺ፣ ዘጠና አምስት።»

ጻፈችው። ሽኩር ደነገጠ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዘጠና አምስት አሉኝ እኮ።»

«መነሻውን ነው የጠራሁት! ሰው ትንሽ አይከራከርም?»

ቦጋለ ከበሩ ሆኖ፣ «በዘጠና አምስትማ አንተው ሄደህ መርፌውን ውጋላቸው!» አለ።

እኔም ገባሁበት። «ሃያ በላት!»

«ሃያ?» አፈጠጠብኝ። «ካንቺ ጋር የምኖረው ኑሮ ሃያ ነው?»

«ስለ እኔ ማን ጠየቀህ? ስለ አጥንትህ ነው!»

«ኑሮ ነው ያለችው። ከሃያው ላይ ለምትሠሪው ወጥ ስንት ልስጥ?»

«ሠላሳ አምስት ይሁንና እንለያይ» አለ ቦጋለ።

ፀደንያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እትዬ ሉብና፣ ጋሽ ቦጋለ፣ እባካችሁ! ኑሮው የእሳቸው ነው። ጋሽ ሽኩር፣ ቁጥሩን ለጊዜው እንተወው። ሕመሙ ምን ከለከለዎት?»

ሽኩር ሊቀልድ አፉን ከፈተ። ማሂራ የሲኒ ካርቶን ውስጥ ተቀምጣ እጇን ወደ እሱ ዘርግታለች።

«እሷን» አለ። «ስታለቅስ ሰው እጠራለሁ። ከላይ መደርደሪያ እንዳለ ዕቃ፣ አምጡልኝ እላለሁ።»

ቦጋለ ዓይኑን ጠረገ። በርበሬ ነጋዴ ስለሆነ ማንም ምን ሆንክ አላለውም።

«አሁንስ፣ ከመቶ ስንት?» አለች ፀደንያ።

«አርባ። ይሄ ክርክር የለውም።»

መርፌው ደረሰው። ግን ወራት አልፈውም ልጁን ለማንሳት አልደፈረም። ከቦጋለ በርበሬ በፌስታል እየተዋሰ ማቀፍ ተለማመደ፤ ያነጥሰዋል፣ መልሶ ያቅፋል። ቦጋለ በየሳምንቱ ትንሽ ይጨምርበታል። አንድ ጠዋት ፌስታሉን በእጁ መዘነና፣ «ማሂራን አክሏል። በል የእኔን መልስና የራስህን ያዝ» አለው።

ፀደንያ ለሁለተኛ ጊዜ ልትለካ ስትመጣ ማሂራ ክንዱ ላይ ሆና ጺሙን እየጎተተች ነበር።

«ከመቶ ስንት?»

«ዘጠና አምስት።»

ፀደንያ እስክሪብቶዋን አላነሳችም። «ጋሽ ሽኩር፣ ትንሽ አልበዛም? ሰማንያ?»

ሽኩር ሳቀ። ልጁን ጠበቅ አድርጎ ያዘና፣ «አልቀንስም» አለ።