ከግንቡ ሥር ያለው ቤት

እማማ ዴሻ በክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክ ከተማ፣ ከጥንቱ ግንብ ሥር ተድረው ከገቡ ሃምሳ ዓመት አልፏቸዋል። ልጅ ወልደው ያሳደጉት፣ ባላቸውን ገንዘው የሸኙት እዚያው ነው። ግንቡ ላይ የሚሄድ ሰው ወጥ ቤታቸውን ከነድስቱ ያያል፤ እሳቸውም የላዩን ወሬ ቁልጭ አድርገው ይሰማሉ። ጎረቤቶቻቸው ቤታቸውን ለእንግዳ ማረፊያ እየሸጡ አለቁ። እማማ ዴሻ ግን ፍንክች አላሉም።

ልጃቸው ሉክሻ ገዢ አምጥቶ ነጋ ጠባ ሲጨቀጭቃቸው፣ አንድ ቀን ቁርጡን ነገሩት። "ኦርሳት ቅዳሜ ይመጣል። እኖርበታለሁ ካለኝ ቤቱ የሱ ነው፤ ሁለተኛ ሽያጭ እንዳታነሳብኝ" አሉት።

ኦርሳት የሉክሻ ልጅ ነው፤ ዛግሬብ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። ቅዳሜና እሁድን ከተማዋን ለጓደኞቹ ሊያስጎበኝ ነው የሚመጣው። እማማ ዴሻ ታዲያ እንግዶቹ እኔው ጋ ያድራሉ ብለው፣ ቤት ያፈራውን አንሶላ ሁሉ አጥበው ከመስኮት መስኮት በተዘረጋው ገመድ ላይ አሰጡ። ጎመን በሥጋም ጣዱ። በዚያ ሰፈር ደንብ አለ፤ ግንቡ ላይ የሚያልፍ ዘመድ የታቹን ሰው በስሙ ይጠራል፣ የታቹም "ውረድና ብላ" ይለዋል። ኦርሳት በልጅነቱ ድምፁ እስኪዘጋ ይጠራቸው ነበር። እናም ወንበር አውጥተው በረንዳ ላይ ጠበቁት።

ከቀትር በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ግንቡ ላይ ብቅ አለ። እማማ ዴሻ ብድግ አሉ።

"እንዴ፣ እዚህ ሰው ይኖራል?" አለች አንዷ። "አሮጊቷን እዩዋት፣ ከነአንሶላዋ!" ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳቻቸው።

ኦርሳት አያቱን አይቷል፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጥመዋል። ቀድሞ ፊቱን ያዞረው እሱ ነው።

"አንሺ፣ ችግር የለውም" አለ እየሳቀ። "ለጎብኚ ብለው ነው ያስቀመጧት። ደሞዝም ሳይኖራት አይቀርም።"

ተሳሳቁና አለፉ። አንጀቱ እንዴት ቻለ? በልጅነቱ ሲታመም ደረታቸው ላይ ያሳደሩት እኮ እሳቸው ናቸው።

ሲመሻሽ ብቻውን መጣ። ጓደኞቹ ሆቴል ይዘዋል።

"አሁን ገና መድረሳችን ነው እማማ" አለና ጉንጫቸውን ሳማቸው። እሳቸውም ምግብ አቀረቡለት። ጥርግ አድርጎ በልቶ ጭማሪ ጠየቀ።

"አባዬ ቤቱን ይሸጣል አሉ" አለ እየጎረሰ። "እንዳትፈቅጂለት። ስመረቅ እዚሁ ነው የምኖረው። ከዚህ ቤት ሌላ ምን አለኝ?"

ስንት ክረምት ሊሰሙት የጓጉለት ቃል ነበር። አሁን ግን አንገፈገፋቸው። ተነሥተው ስልኩን አነሡና ሉክሻ ጋ ደወሉ።

"ገዢውን ሰኞ ይዘኸው ና" አሉት።

"ኦርሳትን ጠየቅሽው?"

እማማ ዴሻ ዞር ብለው ልጁን አዩት። ማንኪያውን እንደያዘ ቀርቷል።

"ኦርሳት አልመጣም" አሉ። "ዛሬ በዚህ ያለፉት ጎብኚዎች ብቻ ናቸው።"